ከቡፌው ሥር ያሉትን የሰርግ ሲዲዎች እንዴት እንታደጋቸው

አባባ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ፎቶ አለን። ድምፃቸው ግን ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በጥር 1998 እዚህ ደሴ በተደገሰው የእህቴ ሰርግ፣ ሁለተኛው ሲዲ ላይ። ሙሽሮቹ ጉልበታቸውን ሲስሙ «ውለዱ ክበዱ» እያሉ ይመርቃሉ።

በ2014 በጦርነቱ ከተማውን ለቀን ስንመለስ ሲዲዎቹን ወለል ላይ ተበትነው አገኘናቸው። ሁለተኛው በጭረት ተሞልቷል። እሱን ለማዳን ስታገል የተማርኩትን ነው የምጽፈው፤ እንዲህ ዓይነት ሲዲ በብዙ ቤት እንዳለ ስለማውቅ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አደራ። ሲዲው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አትላጡ። የዚያን ጊዜ ቪዲዮ አንሺዎች የሙሽሮቹን ፎቶ አትመው ይለጥፉበት ነበር። ሲዲ መረጃውን የሚይዝበት ስስ ሽፋን ያለው ደግሞ ከላይ፣ እዚያው ወረቀቱ ሥር ነው። ወረቀቱ ሲላጥ የሚያብረቀርቀው ነገር አብሮ ይነሳል። ከተነሳ አይመለስም። ከታች በኩል ያለ ጭረት ግን ፕላስቲኩን ብቻ የነካ ስለሚሆን ብዙ ጊዜ ተስፋ አለው። ዲቪዲ ላይ መረጃው በሁለት ፕላስቲክ መሃል ነው የተቀመጠው።

ሲዲውን በለስላሳ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ቆሻሻው እንቢ ካለ ጨርቁን ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና አርጥቡት፤ ወረቀት ያለበትን ሲዲ ግን ውሃ ውስጥ አትንከሩ። አጠራረጉ ከመሃል ወደ ጠርዝ፣ ቀጥ ብሎ ነው። መረጃው ዙሪያውን ስለተጻፈ ዙሪያውን የሚሄድ ጭረት ብዙ መረጃ ባንዴ ይቆርጣል። ድራይቩ (ሲዲውን የሚያነበው መሣሪያ) ማረም የሚችለው አጭር ክፍተትን ነው። በነጠላ ጫፍ መጥረግ የቆየ ልማዳችን ነው፤ አቧራ የያዘ ከሆነ ግን ራሱ ይጭራል።

አዳዲስ ላፕቶፖች የሲዲ ማስገቢያ የላቸውም። በዩኤስቢ የሚሰካ ዲቪዲ ራይተር ከጓደኛዬ ተዋስኩ። ለሁለተኛው ሲዲ አልሠራም። ኮምቦልቻ ያለው የአጎቴ ልጅ ቤት አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ነበር፤ እሱ አነበበው። አንዱ ድራይቭ እንቢ ያለውን ሌላው ስለሚያነብ ሁለት ሦስት ሳትሞክሩ ተስፋ አትቁረጡ። ይዛችሁ ስትሄዱም መኪና ውስጥ መስታወት ሥር አትተዉት። የኮምቦልቻ ፀሐይ የደሴን አይደለም። ኮምፒውተር ላይ የተቀዳ ሲዲ መረጃውን የያዘው በቀለም ነው፤ ሙቀትና ፀሐይ ቀለሙን ያበላሹታል።

ከተነበበ በኋላ ከፍታችሁ ፎልደሮቹን እዩ። «ኤምፔግ ኤቪ» የሚል ካለ ቪሲዲ፣ ማለትም ቪዲዮ የተቀዳበት ሲዲ ነው። ውስጡ ስሙ በ«ዳት» የሚያልቅ ትልቅ ፋይል አለ፤ ሰርጉ እሱ ነው። አንድ ቪሲዲ የሚይዘው ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ስለሆነ ነው የሰርግ ሲዲ ሁለትና ሦስት የሚሆነው። «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚል ካለ ደግሞ ዲቪዲ ነው። የዲቪዲው ፊልም ከ1 ጊጋባይት በማይበልጡ «ቪኦቢ» ፋይሎች ስለሚከፋፈል አንዱን ነጥላችሁ አትውሰዱ፤ ሙሉውን ፎልደር ገልብጡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሲዲው ድራይቭ ውስጥ እያለ በቀጥታ ወደ ኤምፒ4 (ወደ ተለመደው የቪዲዮ ፋይል ዓይነት) ለመቀየር ይሞክራል። እባካችሁ መጀመሪያ እንዳለ ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጡት። የተጎዳ ሲዲ ነገ ላይነበብ ይችላል።

የእኛ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ «ሳይክሊክ ሪደንደንሲ ቼክ» የሚል መልእክት መጣ፤ መረጃው በትክክል አልተነበበም ማለት ነው። ደጋግሞ ኮፒ ማለት አይጠቅምም። አይሶበስተር የሚባል ፕሮግራም ጫንኩ። የማይነበብ ቦታ ሲያገኝ ምን ላድርግ ብሎ ይጠይቃል። በባዶ ተክተህ እለፍ አልኩት። ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል አደረ። መብራት ጠፍቶ እንደገና ጀመርኩት። ጠዋት ላይ ፋይሉ ነበር። አባባ ሲመርቁ ምስሉ ለጥቂት ሰከንድ ይቆማል፤ ድምፃቸው ተቆርጦ ይመለሳል። ግን አለ።

ለተጎዳ ዲቪዲ ሊኑክስ ላይ የሚሠራው ዲዲሬስኪው የሚባል ፕሮግራም ይሻላል። ቀላሉን ቀድሞ ያነብና ወደ አስቸጋሪው ይመለሳል። የደረሰበትን መዝግቦ እንዲይዝ ካዘዛችሁት መብራት ቢጠፋም ካቆመበት ይቀጥላል።

ከካሜራ የወጣች ትንሿ 8 ሴንቲ ሜትር ዲቪዲ ካለቻችሁ ጎትቶ በሚያስገባ ድራይቭ አትክተቷት፤ ትቀረቀራለች። ባዶ ናት ተብላችሁ «ፎርማት ላድርግ?» ስትባሉም እሺ አትበሉ። ብዙ ጊዜ ካሜራው ላይ ሳትዘጋ የቀረች ናት። ካሜራው ካለ «ፋይናላይዝ» በሉት፤ ከሌለ አይሶበስተር ይፈልግላችኋል።

መቀየሩ ቀላል ነው። የቪሲዲውን ፋይል ስም መጨረሻ ከ«ዳት» ወደ «ኤምፒጂ» ቀይራችሁ በነፃ በሚገኘው ሃንድብሬክ በሚባል ፕሮግራም ክፈቱት። ኤምፒ4፣ ኤች 264፣ ጥራቱን 18 ወይም 20 ላይ አድርጉት። መጠኑን አታሳድጉ። የቪሲዲ ምስል 352 በ288 ነው፤ ወደ ኤችዲ ቢነፋ ያልነበረ ነገር አይመጣም። ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የሚሰነጣጠቅ ከሆነ «ዲኢንተርሌስ» የሚለውን አብሩ። ዲቪዲ ላይ ያጋጥማል።

በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ አለዚያ ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል። የመጀመሪያውን ቅጂ አታጥፉት። አንዱን ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ አስቀምጡ። የእኛ አንዱ ወልዲያ እህቴ ጋ ነው። ሲዲውንም አልጣልነውም።

ከዚያ ትልልቆቹን ሰብስባችሁ አብራችሁ እዩት። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። እኛ አቦሉ ሲቀዳ ጀምረን በረካው ላይ ጨረስን። ከአባባ ጎን የተቀመጡትን፣ ነጭ ጋቢ የለበሱትን ሰውዬ ከመካከላችን ማንም አላወቃቸውም። እማዬ ግን ገና እንዳየቻቸው ስማቸውን ከነአባታቸው ጠራች። ደቂቃውንና ስሙን ጻፍኩት።