በሰርግ ፎቶ ላይ የሚወጣውን ጥቁር መስመር እንዴት አጠፋሁት
አዳራሽ ውስጥ በማነሳቸው የሰርግ ፎቶዎች ላይ አግድም ሰንበሮች ይወጡ ነበር። በተለይ የሙሽራዋ ነጭ ቬሎ ላይ ያስጠላል፤ አንዱ ቢጫ፣ ቀጥሎ ያለው ጠቆር ያለ። «ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው የካሜራው ክፍል) ሞቷል» ያሉኝም አልጠፉም። ካሜራው ግን ደህና ነበር።

ጣጣው ያለው መብራቱ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዙር) ስለሆነ፣ ብዙ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች በየዙሩ ሁለቴ፣ ማለትም በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይፈዝዛሉ። ዓይናችን አይለየውም። የካሜራው ድምፅ አልባ ኤሌክትሮኒክ ሸተር (ሸተር ብርሃን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚገባ የሚወስነው ነው) ግን ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ ድምቀቱንም ፍዘቱንም እንዳለ ይቀዳዋል።

ወደ ሜካኒካል ሸተር መለስኩት። ፍጥነቱንም ከ1/500 ሰከንድ ወደ 1/100፣ መብራቱ አንዴ ደምቆ እስኪፈዝ ወደሚፈጅበት ጊዜ፣ አወረድኩት። ሰንበሩ ድራሹ ጠፋ! ለቪዲዮ 1/50 አሪፍ ነው። አሜሪካ ያላችሁ፣ የእናንተ 60 ኸርዝ ስለሆነ 1/60 ወይም 1/125 ሞክሩ። ካሜራችሁ አንቲ ፍሊከር (የመብራት ብልጭታ መከላከያ) ካለው አብሩት፤ መብራቱ ሲደምቅ ጠብቆ ነው የሚያነሳው።

ጭፈራው ሲሞቅ ግን 1/100 እስክስታውን ያደበዝዘዋል። ያኔ ፍላሽ ይሻላል። አስቀድሞ የተበላሸውን በላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ማስክ፣ ማለትም የተበላሸውን ቦታ ብቻ መርጦ፣ ማቃናት ይቻላል፤ ሰንበር በሰንበር ስለሆነ ግን ለአልበም ለተመረጡት ብቻ ነው የምደክመው።