አከራይ ጥገና ሲያዘገይ እንዴት መታገሥ ይቻላል

በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ ወይም በልደታ አካባቢ ባለቤቱ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት የተከራየ ሰው ጥገና የሚጠይቀው ጠዋት ሰላም የሚላቸውንና በበዓል ቡና የሚጠሩትን ሰዎች ነው። ቁጣውን የሚያራግፍበት ሜዳ ስለሌለው ትዕግሥቱን በሥርዓት ሊመራው ይገባል።

በመጀመሪያ መታገሥ የሚቻለውንና የማይቻለውን ይለዩ። ሶኬቱ የመቃጠል ሽታ ካመጣ ወይም ግድግዳው ሲነካ ከነዘረ፣ ኤሌክትሪኩን ከዋናው ማጥፊያ አጥፍተው ባለቤቱን በዚያው ሰዓት ይጥሩ፤ እዚህ ላይ ይሉኝታ ቦታ የለውም። የተላጠ ቀለምና ሲጢጥ የሚል በር ግን ወራት ቢቆዩም ጉዳት የላቸውም። ጣሪያ በሁለቱ መካከል ነው፤ በሚያዝያ የታየ ቀዳዳ ጊዜ ይሰጣል፣ በሐምሌ ግን አይሰጥም። ሰኔ ከገባ በኋላ ቆርቆሮ የሚመታ ሠራተኛ ሁሉም ስለሚፈልገው፣ ጥያቄውን ከፋሲካ ማግስት ማንሳት ይሻላል።

የሚጠይቁበት ሰዓት ከሚጠይቁት ነገር ያላነሰ ክብደት አለው። እኔ ራሴ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እንዲጠገንልኝ በአንድ ወር አምስት ጊዜ ከጠየቅሁ በኋላ ሳስበው፣ አምስቱንም ጊዜ የተናገርሁት አከራዬ በር ላይ ቆመው እንግዳ ሲሸኙ ወይም ስልክ ሲያነጋግሩ ነበር። ስድስተኛውን ጥያቄ ግን የቤት ኪራይ በከፈልሁበት ቀን ተቀምጬ ነገርኋቸው፤ ገንዘቡም በእጃቸው ስለነበር ሠራተኛው በሦስተኛው ቀን መጣ። ሲናገሩም «ስንት ጊዜ ልንገርዎት» ከማለት ይልቅ «እትዬ፣ ውሃው አልጋው ሥር ደርሷል፤ እስከ ቅዳሜ ሰው ይመጣልን ይሆን?» ቢሉ፣ ወቀሳው ቀርቶ ቀኑ ይያዛል። ከዚያ የተስማሙበትን ቀን ከፎቶግራፍ ጋር በቴሌግራም ይላኩላቸው። ቀኑ በጽሑፍ ከተቀመጠ፣ እስከዚያው ድረስ ነገሩን በየማታው ማብሰልሰል አያስፈልግም።

ከመማረርዎ በፊት ጥገናው የማን ግዴታ እንደሆነ ማወቅም ያረጋጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደ በር፣ መስኮትና የውሃ ቧንቧ ያሉትን ቀላል ጥገናዎች በተከራዩ ላይ ሲጥል፣ ቤቱን በደህና ሁኔታ የማቆየትን ግዴታ በአከራዩ ላይ ያደርጋል፤ በእርጅና የመጣ ብልሽትም ተከራዩን አይመለከትም። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ቧንቧ ሲፈነዳ የሚጠየቁት ባለቤቱ ናቸው፣ በእርስዎ አያያዝ የተሰበረ መስኮት ግን የእርስዎ ነው።

ባለቤቱ ገንዘብ ካጠራቸው (አንዳንድ ጊዜ በኪራዩ የሚተዳደሩ ጡረተኞች ናቸው) እርስዎ አሠርተው ወጪው ከኪራይ እንዲቀነስ ሐሳብ ያቅርቡ። መጠኑንና የሚቀነስበትን ወር በወረቀት ላይ ጽፈው ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ የሠራተኛውንም ደረሰኝ ያስቀምጡ። ያለ ስምምነት ኪራይ መያዝ ግን አይመከርም፤ ባለ ዕዳው እርስዎ ሆነው ይገኛሉና። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ስለማያንስ፣ ከእነዚሁ ሰዎች ጋር ገና ብዙ ወራት ትኖራላችሁ።

ሁለት ቀጠሮ ካለፈ ግን ሁለታችሁንም የሚያውቅ የእድር ሰው ወይም የሰፈር ሽማግሌ ይዘው ይግቡ፤ ቴሌግራም ላይ ያሉትን ቀኖችና ፎቶግራፎች ያን ጊዜ ያወጧቸዋል።