የጠፋ ውሻ ወይም ድመት በአነፍናፊ ውሻ ሲፈለግ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አነፍናፊ ውሻ እንደ ድሮው ሌባ ሻይ (ሌባ ፈላጊ) ቤት ለቤት እየገባ አይጠቁምም። የሚከተለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጠፋው እንስሳ በሄደበት መንገድ ጥሎት ያለፈውን ጠረን። ደብረ ብርሃንም ይሁን መንዝ ፍለጋው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አነፍናፊው ሳይመጣ ገና በባለቤቱ ግቢ ነው።

ግቢ መጥረግና ምንጣፍ ማጠብ። ሰው ሲጨንቀው ያጸዳል። ያኔ ጠረኑም አብሮ ይሄዳል። እንስሳው መጥፋቱን እንዳወቁ የሚተኛበትን ጨርቅ በባዶ እጅ ሳይነኩ ያንሱ። አዲስ ፌስታል እንደ ጓንት እጅዎ ላይ ያጥልቁ፣ ጨርቁን በዚያው ይያዙ፣ ከዚያ ፌስታሉን ገልብጠው ጨርቁን ወደ ውስጥ ያስገቡና አፉን ይቋጥሩ። ሥጋ ወይም ዳቦ የተያዘበት ፌስታል አይሆንም። ሁለት ውሾች የሚጋሩት ምንጣፍ ከሆነ ይተዉት፤ የጠፋው ብቻ የሚያደርገውን የአንገት ማሰሪያ ወይም በማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉሩን ይውሰዱ።

መጨረሻ የታየበትን ቦታ መርገጥ። ጎረቤት ሁሉ "እዚህ ጋ ነበር" እያለ ሲመላለስበት ጠረኑ ይደባለቃል። ቦታው ላይ ድንጋይ ያስቀምጡ፣ የታየበትን ሰዓት ይጻፉ፣ ሰው ያርቁ። ፍለጋው ሲጀመር ከአነፍናፊው ኋላ የሚሄደው አሰልጣኙ ነው፤ እርስዎ ከእሱ ኋላ። አንድ ሰው ግን 50 ሜትር ያህል ቀድሞ በየደጁ "ውሻችሁን እሰሩልን" እያለ ይሂድ። በገጠሩ የግቢ ጠባቂ ውሻ ሳይታሰር የሚውልበት ብዙ ነው፤ አንዴ የተናከሰ አነፍናፊ በዚያ ቀን ተመልሶ አይሠራም ብለው ያስቡ። አነፍናፊውም ሆነ የእርስዎ ውሻ የዕብድ ውሻ በሽታ ክትባት የተከተበ ይሁን። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

በእኩለ ቀን መጀመር። ደረቅ መሬትና የቀትር ፀሐይ ጠረንን ያሳሳሉ። ጤዛው ሳይረግፍ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው፤ አለዚያም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ። የሐምሌ ዶፍ አስፋልቱንና የተረገጠውን መንገድ ያጥበዋል፤ በሣሩ ውስጥና በድንጋይ ካብ ሥር ግን ጠረን ሊቆይ ስለሚችል "ዘነበ፣ አበቃለት" ብለው አይተዉ። ካፊያማ እንዲያውም ይረዳል።

ነፋሱን አለማየት። ይህ በተለይ በጣርማበርና በአንኮበር ገደል አፋፍ የሚያሳስት ነው። ፀሐይ ሲሞቅ አየሩ ከቆላው ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲመሽ ከደጋው ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ አነፍናፊው ረፋድ ላይ አፋፉ ጋ ቆሞ አፍንጫውን ወደ ላይ ካነሳ፣ እንስሳው እዚያው አፋፉ ላይ ነው ማለት አይደለም፤ ከእግርዎ በታች ካለው ቁጥቋጦ ሽቅብ የመጣ ጠረን ሊሆን ይችላል። ጥቂት አመድ ቆንጥረው ይልቀቁና አቅጣጫውን ይዩ። ሜዳ ላይ ከ5 እስከ 10 ሜትር የሚሆን ገመድ ጥሩ ነው፤ ገደል ጋ ግን ያሳጥሩት። ገመዱም በደረትና በትከሻ ከሚገባ ማሰሪያ ላይ ይታሰር። አንገት ላይ ከታሰረ ውሻው በሳበ ቁጥር ይታነቃል፣ እንደ ልቡም አያሸትም።

ድመትን እንደ ውሻ መፈለግ። ከቤት ወጥታ የማታውቅ ድመት ብዙ ጊዜ ሩቅ አትሄድም። ከጥቂት ግቢዎች ሳትርቅ ተሸሽጋ ትቀመጣለች፤ ስሟን ቢጠሩም ድምፅ አታሰማም። የኩበት ክምር፣ የጭድ ቤት፣ ኮርኒስ፣ የቆርቆሮ ጥግ ይፈተሽ። ሌሊት ባትሪውን ከዓይንዎ ጎን አድርገው በዝግታ ያብሩ፤ ሰውነቷ ባይታይ ዓይኗ ያበራል። ይህን ግን በሰፈር ውስጥ ብቻ ያድርጉ። በጨለማ ወደ ወንዝና ወደ ገደል መውረድ ጅብ ባለበት አገር ደፋርነት አይባልም።

ጓሳ ላይ አነፍናፊውን መፍታት። የመንዝ ጓሳ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። የዕብድ ውሻ በሽታና ሌሎች የውሻ ሕመሞች ወደ ቀይ ቀበሮ ይተላለፋሉ፤ ያለ ክትባት መግባት የለበትም፣ የተከተበውም ከገመድ አይፈታ። ጥበቃዎቹን አስቀድመው ያናግሩ።

"ለያዘ ወሮታ እንከፍላለን" ብሎ መለጠፍ። ይህ ልጆችን አሯሯጭ ያደርጋል፤ የሸሸ ውሻ ሲባረር ደግሞ ይበልጥ ይርቃል። ማስታወቂያው "አትያዙት፣ ያያችሁበትን ቦታና ሰዓት ንገሩን" ይበል፤ ወሮታውም ለመረጃው ይሁን። ለእረኞች በቃል ይንገሯቸው፤ ሜዳውን ቀኑን ሙሉ የሚያዩት እነሱ ናቸው። ከምልክቶቹ አንዱን፣ ለምሳሌ ሆዱ ላይ ያለችውን ነጭ ነጥብ፣ አይጻፉ፤ "አግኝቼዋለሁ" የሚል ሰው ሲደውል ይጠይቁበታል።

ሲታይ መሮጥ። የፈራ ውሻ የገዛ ባለቤቱንም ይሸሻል። አነፍናፊው እንዳይታይ ወደ ኋላ ይመለስ፤ ሥራውን ጨርሷል። እርስዎ ጎንዎን ሰጥተው መሬት ላይ ቁጭ ይበሉ፣ ዓይኑን አይዩት፣ ሽታው የሚጠራ ምግብ፣ ለምሳሌ የተቀቀለ ሥጋ፣ አጠገብዎ ያስቀምጡ። መጀመሪያ ዙሪያዎን ይዞራል፤ ግማሽ ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል። መጥቶ ሲበላም እጅዎን ከላይ ሳይሆን ከአገጩ ሥር ዘርግተው ማሰሪያውን ያስገቡ።