ጠባዩ ነው ወይስ ህመሙ? ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ እንዴት እንደምትለዩ

ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው የአእምሮ ህመም እንዳለበት ከታወቀ በኋላም ቤታችን ጭቅጭቁ አልበረደም ነበር፣ እናቴ "ሰነፍ ሆነ" ትላለች፣ እኔ "ድሮም ኩሩ ነው" እላለሁ፣ ታላቃችን ደሞ ሁሉንም ህመሙ ላይ ይጥላል። አንድ ቀን ቀጠሮ ሄደን ነርሷ "ሳይታመም በፊት ምን አይነት ልጅ ነበር?" ስትለን ሶስታችንም የተለያየ ነገር መለስን፣ በጣም አፈርኩ።

ስለዚ መጀመሪያ ደብተር አውጡና ገጹን መሀል ለመሀል አስምሩት፣ በአንዱ በኩል "ድሮ" በሌላው "አሁን" ብላችሁ ጻፉ። እንቅልፉ፣ ወሬው፣ ጓደኞቹ፣ ንጽህናው፣ ቁጣው፣ የሚወደው ነገር፣ ሁሉንም። አብሮ አደጎቹንም ጠይቁ፣ እነሱ ቤተሰብ የማያውቀውን ያውቃሉ። ከጎረቤት ልጅ ጋር እንዳታወዳድሩት በቃ፣ ከራሱ ጋር ብቻ።

ለምሳሌ የኛ ልጅ ድሮም ዝምተኛ ነው፣ ሀዋሳ ሙሉ ሐይቅ ዳር ሲዝናና እሱ ቤት መዋል ይመርጣል፣ ግን ቅዳሜ ከአንድ ጓደኛው ጋር አሞራ ገደል ሄዶ አሳ መብላት አይቀርበትም፣ ኳስ ካለም እንቅልፍ የለውም። ዝምታው የራሱ ነው። አሳውም ኳሱም ምንም ሳይሰጠው ሲቀር፣ ፊቱ ላይ ደስታም ንዴትም ሲጠፋ፣ ገላውን ለመታጠብ እንኳን አቅም ሲያጣ ግን እሱ ጠባይ አይደለም፣ ሐኪሞች ኔጋቲቭ ምልክት የሚሉት ነው፣ ድሮ የነበረው ስሜትና ፍላጎት ሲቀንስ ወይ ሲጠፋ ማለት ነው። ሰዎች ስኪዞፍሬኒያ ሲባል ድምፅ መስማትና መጠራጠር ብቻ ይመስላቸዋል፣ ይሄኛው ስለማይጮህ ስንፍና ተብሎ ይታለፋል፣ እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ተመራማሪዎች ጠባይን ብዙ ጊዜ በ5 ይከፍሉታል፣ ከነሱ ውስጥ ለቤተሰብ በጣም የሚጠቅሙት ሁለቱ ናቸው፣ ቶሎ የመጨነቅ ጠባይና ከሰው ጋር የመቀላቀል ጠባይ። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች በአማካይ ጭንቀቱ ላይ ከፍ፣ መቀላቀሉ ላይ ዝቅ ይላሉ፣ መቀላቀሉ ዝቅ ያለ ሰው ላይ ደሞ ኔጋቲቭ ምልክቱ የመጠንከር አዝማሚያ አለው። ይሄ ግን ጠባዩ አሳመመው ማለት አይደለም፣ ህመሙ ራሱ ጠባይን ይቀይራል። ድሮም ጭንቀታም የነበረ ሰው ከሆነ የሚሰማው ድምፅ ከሌላው በላይ ሊያስፈራውና ሊከብደው ስለሚችል ድንገተኛ እንግዳ፣ ጩኸት፣ የሰርግ ግርግር ቀንሱለት፣ የሚመጣ ነገር ካለ ቀድማችሁ ንገሩት።

መድኃኒቱንም አትርሱ። ለዚህ ህመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን ሃሎፔሪዶል የሚወስድ ሰው ሰውነቱ ሊገተር፣ ፊቱ ሊደርቅ ወይ ደሞ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶት ሊንቆራጠጥ ይችላል፣ እኛ መንቆራጠጡን ነገረኛነት ነበር ያልነው። መቼ እንደጀመረውና መድኃኒቱ የተቀየረበትን ቀን ደብተሩ ላይ ጻፉና ለሐኪሙ አሳዩ፣ ራሳችሁ ግን እንዳታቋርጡት። ጠበል የምትወስዱትም መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ። ጫት ካለ ደሞ ደብቃችሁ አትለፉት፣ ህመሙን ስለሚያባብስ ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

ቤት ውስጥ ያለው አነጋገርም የራሱ ድርሻ አለው። በፈረንጆቹ ከ1950ዎቹ ጀምሮ እንግሊዝ አገር ተመራማሪው ጆርጅ ብራውንና ባልደረቦቹ ያጠኑት ነገር ነው፣ ነቀፋ፣ ጥላቻና ከልክ ያለፈ መንሰፍሰፍ የበዛበት ቤት የሚኖር ታማሚ ቶሎ ያገረሽበታል። እናቴ አሁን "ተነስ ሰነፍ" ትታ "ቡና ፈልቷል፣ ጀበናውን ታቀርብልኛለህ?" ትለዋለች፣ አንዳንዴ ይነሳል አንዳንዴ አይነሳም፣ ባይነሳም ዝም ትላለች።

ከደብተሩ "አሁን" በሚለው በኩል በጥቂት ቀን ውስጥ ብዙ ነገር ከተቀየረ፣ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግቡን መርዝ አለበት ካለ፣ ስለመሞት ካወራ ወይ ድምፁ እንዲህ አድርግ እያለ የሚያዘው ከሆነ ቀጠሮው እስኪደርስ አትጠብቁ፣ ማታም ቢሆን ባጃጅ ጠርታችሁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፣ ደብተሩንም ያዙ።