ዴልታ ኤች ግራ ለሚያጋባችሁ፦ ከፋሲል ግንብ ኖራ ጋር አጥኑት

እዚህ ጎንደር ተማሪ አስጠናለሁ፣ ማስ ላይ ንቅንቅ የማይል ልጅ ኢነርጂ ላይ ሲደርስ ዴልታ ኤች (ሪያክሽኑ ያስገባው ወይም ያስወጣው ሙቀት፣ ከገባ ፖዘቲቭ ከወጣ ኔጋቲቭ) ፖዘቲቭ ነው ኔጋቲቭ እያለ ዕጣ ያወጣል። ሁለቱን ለየብቻ ስለሚያጠና ይመስለኛል። በቃ ደብተራችሁን መሀል ለመሀል አስምሩና ግራው ማስ ቀኙ ኢነርጂ ይሁን፣ ባለሱቅ የገባና የወጣ እንደሚጽፈው ለእያንዳንዱ ሪያክሽን ሁለቱንም ያዙ።

መጀመሪያ በእጃችሁ ሞክሩት። የ2 ሊትር የለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ 100 ሚሊ ሊትር አቼቶ፣ 4 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በሶፍት ጠቅልሎ (ባለሱቁ ቤኪንግ ፓውደር ከሰጣችሁ መልሱለት፣ እሱ ስታርችም ሌላም ስላለበት ሂሳቡን ያበላሻል)። ከነክዳኑ ከነሶዳው ሁሉንም አንድ ላይ መዝኑ፣ ከዛ ሶዳውን ጣል፣ ክዳኑን ጥብቅ፣ ነቅነቅ። ፕላስቲኩ ይወጠራል፣ ስትነኩት ደግሞ ቀዝቀዝ ይላል። አሁን መዝኑት፣ ያው ነው። ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ክፈቱና ጎኑን ጫን ጫን አድርጋችሁ መዝኑ፣ ከ1 እስከ 2 ግራም ይቀንሳል። 84 ግራም ሶዳ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሰጥ ከ4 ግራም 2.1 ገደማ ይወጣል ማለት ነው፣ ትንሹ እዛው ይቀራል። ቅዝቃዜው የቀኙ ገጽ ነው፦ ሙቀት ከአካባቢው ገብቷል፣ ዴልታ ኤች ፖዘቲቭ። ሶዳውን አታብዙ፣ በጠርሙስ ደግሞ በጭራሽ።

በፊኛ አትስሩት እሺ፣ እኔ አንዴ ፊኛ አፉ ላይ አጥልቄ ሚዛኑ ሲቀንስብኝ ግማሽ ቀን ቀዳዳ ስፈልግ ዋልኩ፣ ለካ ምንም አልሾለከም፣ የተነፋ ፊኛ አየር ስለሚገፋ አየሩም ወደ ላይ ያነሳዋል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ቦንድ (አተሞችን እርስ በርስ የሚያያይዘው) ሲሰበር ኢነርጂ ይወጣል የምትሉ አላችሁ። አይወጣም፣ ለመስበር ይከፈላል፣ የሚወጣው አዲስ ቦንድ ሲሠራ ነው። ምልክቱን የሚወስነው የሁለቱ ልዩነት ነው።

አሁን ወደ ግንቡ። ድንጋዩን የያዘው ኖራ ነው። ንጹህ የኖራ ድንጋይ 100 ግራም 900 ዲግሪ አካባቢ ሲቃጠል 56 ግራም ኖራ ይቀራል 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይሄዳል፣ በቀኝ በኩል 178 ኪሎጁል ገቢ ጻፉ። 18 ግራም ውሃ ሲጨመርበት እየተንተከተከ 74 ግራም ይሆናል፣ 65 ኪሎጁል ይወጣል (ይሄን ቤት እንዳትሞክሩት፣ ዓይን ያጠፋል)። ግድግዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ያንን 44 ግራም ቀስ በቀስ ከአየር መልሶ ይወስዳል፣ 18ቱን ውሃ ይለቃል፣ ዞሮ 100። እዚህ 113 ኪሎጁል ይወጣል፣ ግን በጣም በዝግታ ስለሆነ ግንቡን ብትነኩት አይሞቅም። እስኪ 65 እና 113 ደምሩ።

ሁሌ አንድ ቀልጣፋ ልጅ «ኢነርጂ ከወጣማ በአንስታይን ህግ ማስም መቀነስ የለበትም እንዴ?» ይለኛል። ልክ ነህ እለዋለሁ፣ ግን 178 ኪሎጁል ማለት አንድ ግራም ለቢሊዮን ተከፍሎ ሁለቱ እጅ ገደማ ነው፣ ፒያሳ ያለ የወርቅ ቤት ሚዛንም አያየውም፣ አንተ ፈተና ላይ ዜሮ ጻፍ።