ፊደሉ ልክ፣ ቃሉ ግን የማይገባ፦ የረጃጅም እንግሊዝኛ ቃላት ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ቃሉን ፊደል ሳይጎድል ጠርተዋል፤ ሰሚው ግን «ምን አሉ?» ይላል።

መንስኤ፦ በአማርኛ ልማድ፣ በእኩል ጉልበት አንብበውታል። እኛ «ዩኒቨርሲቲ» ስንል ሁሉም ቀለም (እንደ «ዩ»፣ እንደ «ኒ» ያለ በአንድ ጊዜ የሚጠራ የቃል ክፍል) ድርሻው ይደርሰዋል። በእንግሊዝኛ ግን ከአምስቱ ቀለማት ሦስተኛው፣ «ቨር»፣ ጫናውን፣ ማለትም የድምፁን ጉልበት፣ ጠቅልሎ ይወስዳል። «አለ» ላልቶና ጠብቆ ሁለት ቃል እንደሚሆን ሁሉ፣ «ፕሬዘንት»ም መጀመሪያው ላይ ሲጫን ስጦታ፣ መጨረሻው ላይ ሲጫን ማቅረብ ይሆናል።

መፍትሄ፦ ጫና ያለበትን ቀለም ረዘምና ከፍ አድርገው ይጥሩት። ይህ ቀላሉ ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይጮህና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ዋናው ድካም ግን ሌሎቹን ማደብዘዝ ነው። የደካሞቹ አናባቢ ብዙ ጊዜ ወደ «ኧ» ይጠጋል፤ ደግነቱ ይህ ድምፅ በ«ለ»፣ በ«ሰ»፣ በ«በ» ውስጥ አብሮን ያደገ ነው። ቀስ ብለው ይሞክሩት፦ ዩ-ነ-ቨር-ሰ-ቲ። «ኒ» እና «ሲ» ወዴት እንደ ገቡ ልብ ይበሉ።

ምልክት፦ ዋናውን ቃል በትክክል ይላሉ፤ ዘመዱ ላይ ይስታሉ።

መንስኤ፦ አንዳንድ ቅጥያ ሲጨመር ጫናው ይፈልሳል። ፎ-ተ-ግራፍ «ፎ» ላይ፣ ፈ-ቶግ-ረ-ፊ «ቶግ» ላይ፣ ፎ-ተ-ግራ-ፊክ ደግሞ «ግራ» ላይ ይጫናል። ጫናው የለቀቀው ቀለም ብዙ ጊዜ አናባቢው ይደበዝዛል።

መፍትሄ፦ ቃሉን ከጅራቱ ይጀምሩ። በ«ሽን»፣ በ«ኢክ» ወይም በ«ኢቲ» ካለቀ ጫናው በአብዛኛው ከእርሱ በፊት ባለው ቀለም ላይ ነው፦ ኤ-ጁ-ኬይ-ሽን «ኬይ» ላይ፣ ፖ-ሰ-ቢ-ለ-ቲ «ቢ» ላይ። «ነስ» እና «መንት» ግን ጫናውን አይነኩም። አፈንጋጭ አይጠፋም፤ «ፖለቲክስ» በ«ኢክስ» እያለቀ «ፖ» ላይ ይጫናል።

ምልክት፦ ቀለማቱ ይበዙብዎታል።

መንስኤና መፍትሄ፦ የተጻፈውን አናባቢ ሁሉ ቆጥረዋል፤ አለዚያም በተነባቢዎች መካከል ሳድስ ጣል አድርገዋል። «ስትሪት» አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ «እስ-ትሪት» ካሉ ሁለት ሆነ። መዳፍዎን ከአገጭ ሥር ያድርጉና አገጩ ስንት ጊዜ እንደሚወርድ ይቁጠሩ፤ ግምቱ ሻካራ ቢሆንም ይረዳል።

ምልክት፦ መዝገበ ቃላቱ ከጆሮዎ ጋር አይስማማም።

መንስኤና መፍትሄ፦ በቃሉ መካከል የተጣሉት ነጥቦች ብዙ ጊዜ በመስመር መጨረሻ ቃሉ የት እንደሚቆረጥ የሚያሳዩ እንጂ የአነጋገር መመሪያ አይደሉም። በዓለም አቀፉ የድምፅ አጻጻፍ ከላይ የተቀመጠችውን ትንሽ ቀጥ ያለች ጭረት ይፈልጉ፤ ጫናው ያለው ከእርሷ ቀጥሎ በሚመጣው ቀለም ላይ ነው።