ጎንደርን በባቡር ለመዞር ሲታሰብ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ዛሬ ባቡር የላትም። እያደገች ግን ነው፤ አዘዞም ራሱን የቻለ ከተማ እየመሰለ ነው። ከተማዋን እየዞረ ከዳር ዳር የሚያገናኝ ሐዲድ አንድ ቀን ይታሰብ ይሆናል። ያኔ እነዚህን ስህተቶች ባንደግማቸው ይሻላል።

ካርታ ላይ ክብ መሳል። ፒያሳን መሃል አድርጎ እርሳስ ማዞር ያምራል። ጎንደር ግን ክብ አይደለችም። በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ሆና ወደ ደቡብ እስከ አዘዞ ተዘርግታለች። ክቡ የግድ ይግጠም ከተባለ ግማሹ ሰው የማይኖርበት ገደል ላይ ይውላል። ያልተዘጋ መስመር ምን ነውር አለው?

ዳገቱን መርሳት። ባጃጅ እያቃሰተች የምትወጣውን ዳገት ባቡር ፊት ለፊት አይወጣውም። ብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ይንሸራተታል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ይብሳል። በ100 ሜትር ጉዞ 6 ሜትር ከፍ ማለት ለቀላል ባቡር እንኳ ከባድ ነው። ስለዚህ ሐዲዱ ይጠማዘዛል፣ ካልሆነም ድልድይና ዋሻ ይመጣል። ካርታው ላይ 2 ኪሎ ሜትር የሚመስለው መሬት ላይ 4 ሊወጣው ይችላል። ወጪውን የሚሠራ ሰው መጀመሪያ በእግሩ ይውጣበት።

መገናኛውን ለኋላ መተው። ሞስኮ እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተ፣ ከተማዋን የሚዞር የጭነት ባቡር መስመሯን አድሳ በ2016 ለተሳፋሪ ከፈተችው፤ 54 ኪሎ ሜትር፣ 31 ጣቢያ። ጥቅሙ ያለው ከሜትሮው፣ ማለትም ከከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር ጋር መያያዙ ላይ ነው። እኛ ሜትሮ የለንም፤ ባጃጅና ታክሲ ግን አለን። ተራቸው ጣቢያው በር ላይ ካልሆነ፣ ከባቡር ወርዶ ዳገት በእግሩ የወጣ ሰው በማግስቱ ከቤቱ በር ባጃጅ ይይዛል።

ሁሉንም አንድ ሐዲድ ላይ ማጨቅ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር ሁለቱ መስመሮች መሃል ከተማ ላይ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲጋሩ ተደርጎ ነው። እዚያ አንድ ባቡር ከቆመ ሁለቱም ይታወካሉ።

ቅርስ ፋሲል ግቢ ብቻ ይመስል ማቀድ። እ.ኤ.አ. በ1979 ዩኔስኮ ከግቢው ጋር የመዘገባቸው ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋምና የፋሲል መዋኛም አሉ። እነሱ ያሉት ከግቢው ውጭ ነው። መሃሉን ሸሽቶ የሚዞር ሐዲድ እነሱን ሊያገኛቸው ይችላል። በጥምቀት ቀን መዋኛው ዙሪያ ያለውን ሕዝብ ያየ ሰው ደግሞ እዚያ የሐዲድ አጥር አያስብም።

መሬቱን ሳይከልሉ መቆየት። መስመሩ ማስተር ፕላን ላይ ብቻ ከቀረ ቤት ይሠራበታል፤ ከዚያ የካሳ ክርክር ነው። አሁኑኑ ይከለል፤ ሐዲዱ እስኪመጣ አውቶብስ ይሂድበት። ሰው በየትኛው ፌርማታ እንደሚወርድም በዚያው ይታያል።